የፍሪስቢ አወራወርን ማሻሻል፦ መጀመሪያ ሽክርክሪት፣ ከዚያ ጉልበት

ፍሪስቢ ስትወረውሩ ዲስኩ እየተርገበገበ ሄዶ፣ ሃያ ሜትር ሳይሞላ በአንድ ጎኑ ተደፍቶ ይወድቃል? እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ያው ነው፤ በሚቀጥለው ጠንከር አድርጎ ይወረውራል። ዲስኩም ይብስበታል። መርገብገቡ ይጨምራል፣ ክንድ ይዝላል፣ የተቀባዩም ሥራ እየሮጡ ከሣር ላይ መልቀም ይሆናል።

የጎደለው ሽክርክሪት ነው። አየሩ ዲስኩን ከሥር ያነሳዋል፤ ግን ሁሉንም ጎኑን እኩል አያነሳም። አንዴ የፊቱን ጠርዝ፣ አንዴ የኋላውን ይበልጥ ይገፋዋል። የማይሽከረከር ዲስክ በዚህ ግፊት ወዲያው ይገለበጣል። በደንብ የሚሽከረከረው ግን ግፊቱን ተቋቁሞ የተለቀቀበትን ማዕዘን ይጠብቃል። ፍጥነት ሰጥታችሁት ሽክርክሪት ከነፈጋችሁት ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ነው የሚገለብጠው።

ስለዚህ የምንሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የእጅ አንጓ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ መጨረሻ ላይ ወገብና እግር። ርቀት የሚባለውን ነገር ለጊዜው እርሱት። የምጽፈው በቀኝ እጁ ለሚወረውር ሰው ነው፤ ግራኝ የሆናችሁ ግራና ቀኙን እየገለበጣችሁ አንብቡት።

ትክክለኛውን ዲስክ ያዙ

ለአልቲሜት፣ ማለትም ሁለት ቡድኖች ዲስክ እየተቀባበሉ ለሚጫወቱት ጨዋታ፣ የሚያገለግለው ዲስክ 175 ግራም ይመዝናል፤ ከዳር እስከ ዳር 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለመለማመድም ከዚህ የተሻለ የለም። ለልጆች መጫወቻ ተብለው የሚሸጡት ቀላል ዲስኮች ትንሽ ነፋስ ሲነካቸው ይዋልላሉ። በእነሱ ስትለማመዱ ጥፋቱ የእጃችሁ ይሁን የዲስኩ መለየት ያቅታችኋል።

ዲስክ እየወረወሩ ቅርጫት ውስጥ የሚያስገቡበት የዲስክ ጎልፍ ዲስኮች አነስ ይላሉ፣ ስፋታቸው 21 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ስፖርት የምትጀምሩ ከሆነ በፓተር (ለቅርብ ርቀት በሚሆነው ዲስክ) ወይም በሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት በሚሆነው) ጀምሩ። ድራይቨር የተባለው ጠርዙ የሰላ ዲስክ የተሠራው በከፍተኛ ፍጥነት ለሚወረውር ሰው ነው። ቀስ ብሎ ከተወረወረ በጊዜ ወደ ግራ ይደፋል፤ ጀማሪውም ያንን ለማካካስ እጁን ማጣመም ይለምዳል። ያ ልማድ በኋላ ቶሎ አይለቅም።

የዲስኩን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱት። ከመሃሉ ይልቅ ወፈር ያለ ነው። ክብደቱ ወደ ዳር ሲወጣ አንዴ የተጀመረ ሽክርክሪት ቶሎ አይሞትም። ከላይ በኩል ደግሞ ክብ ክብ መስመሮች ታገኛላችሁ። ዋም-ኦ የተባለው ኩባንያ ዲስኩን ከፈጣሪው ከፍሬድ ሞሪሰን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በ1964 ደግሞ ኤድ ሄድሪክ የተባለው የኩባንያው ሰው ቅርጹን አሻሽሎ እነዚህን መስመሮች ጨመረበት። በረራው የተረጋጋው ከዚያ ወዲህ ነው። ለእናንተ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ አውራ ጣታችሁ የሚቆነጥጠው ነገር ያገኛል።

ባክሃንድ፦ አያያዙ

ባክሃንድ ማለት እጅን በደረት ፊት አሻግሮ የሚወረወረው፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ነው። አያያዙን እንዲህ አስተካክሉ።

1. ዲስኩን በግራ እጃችሁ ደረታችሁ ፊት አግድም ያዙት።
2. የቀኝ እጃችሁን አውራ ጣት ከላይ፣ ከጠርዙ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ አሳርፉ።
3. የቀሩትን አራት ጣቶች ከሥር አጥፋችሁ የጠርዙን የውስጥ ግድግዳ ያዙበት። ጠቋሚ ጣትም ከእነሱ ጋር ይግባ።
4. ጠርዙ መዳፋችሁ ላይ ይደገፍ። በመዳፍና በዲስኩ መካከል ክፍተት ካለ ዲስኩ ስትወረውሩ ይወዛወዛል።

አንዳንድ ሰው ጠቋሚ ጣቱን በውጭኛው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ ሌሎቹን ጣቶች ከሥር ይበትናቸዋል። ለቅርብ ርቀትና ለስስ አወራወር መጥፎ አይደለም። እኔ ግን አራቱም ጣት ገብተው ቢጀመር እመርጣለሁ። በኋላ ኃይል ስትጨምሩ አያያዝ መቀየር አያስፈልጋችሁም።

አያያዙ ምን ያህል ይጥበቅ? ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። እስከ መልቀቂያው ድረስ ክንዳችሁ የላላ፣ ጣታችሁ መካከለኛ ይሁን። ልክ ዲስኩ ከእጅ ሊወጣ ሲል ጣቶች ጠበቅ ይላሉ። ዲስኩ ከጣታችሁ ተመንጭቆ የወጣ ያህል ሲሰማችሁ ሽክርክሪቱ መጥቷል ማለት ነው። ዝም ብሎ ሾልኮ ከወጣ አልመጣም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ጨምድዶ የያዘ ሰው ደግሞ አንጓው ይደርቅና አይታጠፍለትም።

አንጓ ብቻ

ከጓደኛችሁ ጋር አምስት ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ቁሙ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አስጠጉት፣ ከዚያም አታንቀሳቅሱት። ዲስኩን ወደ ሆዳችሁ በአንጓችሁ ብቻ ጠምዝዛችሁ፣ በአንጓችሁ ብቻ ፈትታችሁ ልቀቁት። እርጥብ እጅ ላይ ያለውን ውሃ ስታራግፉ የምታደርጉት ያ ፈጣን ምት ነው የሚፈለገው። ምቱ አጭር ነው፤ ተጀምሮ ወዲያው ያልቃል።

መጀመሪያ ላይ ዲስኩ መንገድ ላይ ይቀራል። ይቅር። ክንዳችሁን ለእርዳታ አትጥሩት። ትንሽ ቆይቶ አንጓው ሲፍታታ አምስቱን ሜትር በቀላሉ ይሞላዋል፤ ስምንትም ይሄዳል።

አሁን ዓይናችሁን ዲስኩ ላይ አድርጉ። መመልከት ያለባችሁ ከእጅ የወጣበትን የመጀመሪያውን ሁለትና ሦስት ሜትር ነው። በዓይናችሁ ከፍታ፣ አግድም የተለቀቀ ንጹሕ ውርወራ ከኋላ ሲታይ ቀጭን መስመር ይመስላል፤ መስመሩም አይናወጥም። የተበላሸው ደግሞ አንዴ ጀርባውን አንዴ ሆዱን እያሳየ ይሄዳል። እኔ ሰው ሲወረውር ሳይ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። የእጁን አኳኋን ገና አላየሁም፤ ዲስኩ ሁሉንም ነግሮኛል።

መርገብገቡ ከቀጠለ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ዲስኩ ሲለቀቅ እጃችሁ ዲስኩ በሚሄድበት መስመር ላይ ነው ወይስ ወደ ላይ እየተነሳ? እጅ ወደ ላይ ዲስክ ወደ ፊት ከሄዱ መርገብገብ የግድ ነው። ሁለተኛ፣ አውራ ጣታችሁ ዘግይቶ እየለቀቀ ዲስኩን እየጎተተው ይሆናል። በትንሹ ወደ ጠርዙ አስጠጉት።

አንድ ጉልበት ላይ ተንበርክኮ መወርወርም ግሩም ልምምድ ነው። እግርና ወገብ ከጨዋታው ይወጣሉ፣ የሚቀረው አንጓና ክንድ ነው። ሰው መቆም ሳይችል ሲቀር ምን ያህል በሰውነቱ እየገፋ እንደነበር ይገባዋል። ዲስኩ በዚህ አኳኋን ሳይርገበገብ አሥር ሜትር ሲሄድላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ከዚያ በፊት ግን አትለፉ።

ክንድ፣ ወገብ፣ እግር

ጎናችሁን ለዒላማው ስጡ። ቀኝ ትከሻችሁ ወደምትወረውሩበት ይጠቁም። እግሮቻችሁ በትከሻ ስፋት ይራራቁ፣ ጉልበታችሁ ላላ ይበል።

ዲስኩን ወደ ኋላ ዘርጉት። ስትዘረጉ ትከሻችሁም አብሮ ይዙር፤ ክንድ ብቻ ከተዘረጋ የወገብ ኃይል አይገኝም። ክብደታችሁ ግራ እግራችሁ ላይ ይረፍ። ከዚያ በቀኝ እግራችሁ ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ውሰዱ። እግሩ መሬት ሲነካ ዳሌ መዞር ይጀምራል፣ ትከሻ ይከተላል፣ ክርን ይከተላል፣ አንጓ መጨረሻ ይፈታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሱ ውርወራው ግፊት ይሆናል።

ዲስኩ በደረታችሁ ፊት በቀጥታ መስመር ይሳብ። ብዙ ሰው በሰውነቱ ዙሪያ ክብ እያስኬደ ያመጣዋል። ክብ ሲሄድ የመልቀቂያው ቅጽበት በጣም ጠባብ ይሆናል፤ ትንሽ ከቀደመ ወደ ግራ፣ ትንሽ ከዘገየ ወደ ቀኝ ይበራል። በቀጥታ ከተሳበ ግን ትንሽ ስሕተት ቢኖርም ዲስኩ መስመሩን አይለቅም። ለዚህ የሚረዳ ነገር ልንገራችሁ፦ ክርናችሁ ከዲስኩ ይቅደም። ክርን ወደ ዒላማው ከመራ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ከመከተል ሌላ አማራጭ የለውም።

ዲስኩ ከወጣ በኋላ እጃችሁን አታስቁሙት። ዲስኩ በሄደበት አቅጣጫ፣ በዚያው ከፍታ ተዘርግቶ ይለፍ። ጣታችሁ መጨረሻ ላይ የጠቆመበት ቦታና ዲስኩ የሄደበት ቦታ ይመሳሰላሉ። ካልተመሳሰሉ ዘግይታችሁ ወይም ቀድማችሁ ለቅቃችኋል።

ርቀቱን ከአሥር ወደ አሥራ አምስት፣ ከዚያ ወደ ሃያ ሜትር አሳድጉ። መርገብገቡ የተመለሰ ዕለት ወደ ኋላ ተመለሱ። ርቀት ከወገብና ከአንጓ ፍጥነት ይመጣል፣ ጊዜውም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴቪድ ዊጊንስ ጁኒየር ዲስክ 338 ሜትር ወርውሯል፤ ደጋፊ ነፋስ ታክሎበት፣ ለርቀት ተብሎ በተሠራ ዲስክ። ያን ያህል የሚርቅ ውርወራም የሚጀምረው ከእጅ ከሚወጣበት ንጹሕ ሽክርክሪት ነው።

ዲስኩ የሚላችሁን ስሙ

በባክሃንድ የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ይሽከረከራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲደክም ወደ ግራ ያዘነብላል። ይህ የዲስክ ባሕርይ ነው፣ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ገና ከመነሻው ሲደፋ ነው።

ከመነሻው ወደ ግራ ከተደፋ፣ ስትለቁት የውጭኛው ጠርዝ፣ ማለትም ከሰውነታችሁ የራቀው፣ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ወይ ወገባችሁን ወደ ፊት አጥፋችኋል፣ ወይ አንጓችሁ ተጣሟል። ቀና በሉና አግድም ልቀቁት። ወደ ቀኝ ተገልብጦ መሬት ከሰነጠቀ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የውጭው ጠርዝ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ወይም ፍጥነቱ ከሽክርክሪቱ በልጧል። የውጭውን ጠርዝ በትንሹ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጉልበቱን ቀንሳችሁ ሞክሩ።

በጣም የተለመደው ግን ሦስተኛው ነው። ዲስኩ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ እዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል። የፊቱ ጠርዝ ቀና ብሎ ነው የተለቀቀው። አየሩ ሆዱን እየመታ ፍጥነቱን ይበላዋል። ዲስኩን ወደ ኋላ ስትዘረጉ የት ከፍታ ላይ እንደነበር አስታውሱ። ከወገብ በታች ጀምራችሁ ትከሻ ላይ ከለቀቃችሁ መስመሩ ሽቅብ ነው፤ የፊቱ ጠርዝም አብሮ ይነሳል። ከደረት ጀምራችሁ ደረት ላይ ልቀቁ። ስትለቁ አውራ ጣታችሁ ጠርዙን ወደ ታች ጫን ቢያደርገው የፊቱ ጠርዝ ይረጋል።

ስልክ ካላችሁ ራሳችሁን ቅረጹ። ከኋላ አንድ ጊዜ፣ ከጎን አንድ ጊዜ፣ በዝግታ በሚያሳየው የቪዲዮ አማራጭ። ከኋላ የተቀረጸው ማዘንበሉን ያሳያችኋል። ከጎን የተቀረጸው የፊቱ ጠርዝ ቀና ማለቱንና የእጃችሁን ከፍታ ያሳያችኋል። የሚሰማችሁና የሚታየው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። አግድም ለቀቅኩት ያለ ሰው ቪዲዮው ላይ ዲስኩ አዘንብሎ ያየዋል።

ፎርሃንድ

ሁለተኛው ውርወራ ከቀኝ ጎን የሚለቀቀው ነው፤ በሁለት ጣት። ከባክሃንድ ይልቅ ሰውን የሚያስቸግረው ይህ ነው፣ ግን አንዴ ከገባ ከሁሉም ፈጣን ነው።

እጃችሁን እንደ ሽጉጥ ቅርጽ ዘርጉት ይባላል ብዙ ጊዜ፤ ቅርጹን እርሱትና ጣቶቹን ተከታተሉ። የመሃል ጣት ከሥር ሆኖ የጠርዙን የውስጥ ግድግዳ ይጫናል። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ጠቋሚ ጣት ወደ ዲስኩ መሃል ተዘርግቶ ይደግፋል፤ እየለመዳችሁ ስትሄዱ ከመሃል ጣት ጎን ልታስጠጉት ትችላላችሁ። አውራ ጣት ከላይ ይጨብጣል። ሁለቱ የቀሩት ጣቶች ተጣጥፈው ከጠርዙ ውጭ ይቀመጣሉ።

መዳፋችሁ ወደ ሰማይ ይይ። ክርናችሁ ለጎናችሁ ቅርብ ይሁን። ዲስኩን ትንሽ ወደ ኋላ ወስዳችሁ አንጓውን ወደ ኋላ አጥፉት፣ ከዚያ ወደ ፊት ምቱት። ዲስኩ ከመሃል ጣታችሁ ላይ ተንከባልሎ ሲወጣ ሊሰማችሁ ይገባል። ጣቱ ላይ ትንሽ ሙቀት ከተረፈ በትክክል ሠርታችኋል።

የፎርሃንድ ዋናው በሽታ መዳፍ መገልበጥ ነው። ሰው ሲለቅ መዳፉን ወደ መሬት ያዞረዋል፤ የውጭው ጠርዝ ይነሳል፣ ዲስኩም ወደ ግራ ተገልብጦ ይወድቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዲስኩ ከወጣ በኋላ እጃችሁን እዚያው አቁሙትና መዳፋችሁን እዩት። አሁንም ሰማይ ካየ ደህና ነው። በተጨማሪ የውጭውን ጠርዝ ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ለጀማሪ ከአግድም ይልቅ ይህ ይሻላል።

ፎርሃንድ ላይ ኃይል ቶሎ አትጨምሩ። የክርን ውስጠኛው ጎን ሲጠዘጥዛችሁ አቁሙ፣ ያን ቀን ባክሃንድ ወርውሩ። ከመጀመራችሁ በፊትም ትከሻና አንጓ ይሟሟቅ።

ሃመር የተባለው፣ በፎርሃንድ አያያዝ ከራስ በላይ ተወርውሮ ተገልብጦ የሚበረው፣ ለዓይን ያምራል። ሁለቱ እስኪረጉ ይቆይ።

ነፋስ ሲኖር

ነፋስ የአወራወርን ጉድለት ሁሉ ያጎላል። ፊት ለፊት ሲመጣ ዲስኩ ከወትሮው በላይ ይነሳል፣ መርገብገቡም በግልጽ ይታያል። ዝቅ አድርጋችሁ፣ የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ሽክርክሪቱን ጨምራችሁ ወርውሩ። ነፋስ ላይ በጉልበት መሄድ ዋጋ የለውም። ከኋላ ሲነፍስ ዲስኩ የሚነሳበት አየር ያንሰዋልና ቶሎ ይወርዳል፤ ከፍ አድርጉት።

ከጎን ሲሆን ዋናው ጥያቄ ነፋሱ የዲስኩን ሆድ ያገኘዋል ወይስ ጀርባውን ነው። ሆዱን ካገኘው ይዞት ይሄዳል። ጀርባውን ካገኘው ወደ መሬት ይጫነዋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጠርዝ በትንሹ ዝቅ ማድረግ ዲስኩን ቁጥጥር ውስጥ ያቆየዋል።

ወደ ጨዋታ ስትገቡ

ባዶ ሜዳ ላይ የሠራ ውርወራ ተከላካይ ፊታችሁ ሲቆም ይጠፋል። አልቲሜት ላይ ዲስክ ይዛችሁ መሮጥ አይቻልም፤ ተከላካዩም እስከ አሥር ይቆጥርባችኋል። ግራ እግራችሁ ተተክሎ ይቀራል፣ ቀኙ ብቻ ይራመዳል፤ ለባክሃንድ ወደ ግራ ተሻግሮ፣ ለፎርሃንድ ወደ ቀኝ ወጥቶ። ስለዚህ ልምምዱን በእርምጃ ጀምሩ። ሰፊ እርምጃ፣ አጠፍ ያለ ጉልበት፣ ከጉልበት ከፍታ የሚለቀቅ ዲስክ። እጃችሁ ከተከላካዩ እጅ ርቆ የሚወጣው በዚህ ነው።

ሦስት ሆናችሁ ተለማመዱ፤ አንዱ ይወርውር፣ አንዱ ይከላከል፣ አንዱ ይቀበል። ወርዋሪው ወርውሮ ወደ ተቀባዩ ይሮጥና እሱን ይከላከላል። ተከላካይ የነበረው ቦታውን ይይዝና ዲስኩን ለመቀበል ይዘጋጃል። ዲስኩ ሳይወድቅ ስንት ጊዜ እንደተቀባበላችሁ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደክማችኋልና እረፉ። በደከመ አንጓ የተወረወረ መቶ ዲስክ መጥፎ ልማድ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ልምምድ ስትጨርሱ የዲስኩን ጠርዝ በጣታችሁ ዙሩበት። ድንጋይና አስፋልት የነካው ጠርዝ ሹል ጭረት ያወጣል፤ ያ ጭረት ፎርሃንድ ስትወረውሩ የመሃል ጣታችሁን ይቆርጣል። በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጭረቱን ብቻ ለስለስ አድርጉት፣ ጠርዙን ሁሉ አትፋቁ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተዉት፤ ፕላስቲኩ ሞቆ ከተጣመመ ንጹሕ ውርወራ እንኳ ይርገበገባል።